ሦስተኛው ጥያቄ

ስዊድን አገር ሰው የሚጠየቀው አንዴ ነው። ይህንን የተማርኩት በሆዴ ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አብሮኝ ያጸዳ የነበረ አንድ ደግ ስዊድናዊ ቤቱ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ድንች አለ፣ ዓሣ አለ፣ ትኩስ ዳቦ አለ። «ትበላለህ?» አለኝ። እኔ የደሴ ልጅ፣ ሸዋ በር ከእናቴ እጅ ሥር ያደግሁ፣ «አይ፣ በልቻለሁ» አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። እሱም «እሺ» ብሎ ሳህኔን አነሳና ብቻውን በላ። እያወራኝ፣ እየሳቀ፣ ደስ ብሎት በላ። እኔ ውሃ ጠጣሁ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ የነገርኩትን አመነኝ፣ በቃ። ሰው ስላመነኝ እንደዚያ የምናደድ ግን አይመስለኝም ነበር።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፣ የሰላምታ ተከታይ ነው። ሁለተኛው «አይ» ጋባዡ ከልቡ መሆኑን ማያ ነው። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ይመጣል፣ ያኔ እንግዳው ግድ እንደሆነበት ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይበላል። እናቴ ከበደች ይማም በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብዬ ቂጣ የበላሁ ቀን ጭኔን ቆንጥጣ «ቤቷ እህል የሌላት አስመሰልከኝ» አለችኝ። እሷም ሌላውን ስትጋብዝ ከሦስት ጊዜ በታች ጠይቃ አታውቅም። ስሟ የወሎ ስም ነው፤ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ከመስጊድ። ራሷም እንደ ስሟ ነበረች፤ ሶላቷን ሰግዳ ስታበቃ የጎረቤት ማርያም ዝክር ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ትገኛለች።

እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር በመጀመሪያው «አይ» እየተራብኩ ኖሬ ነው ቻይናዎቹ ዘንድ ሥራ ያገኘሁት።

ማኅበራቸው የስዊድን ቻይናውያን ብሔራዊ ማኅበር ይባላል። ጽሕፈት ቤቱና አዳራሹ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ነው፤ በጎተቦርግና በማልሞ ያሉት ትንንሽ ማኅበራት ሁሉ በሱ ሥር ናቸው። ቻይናዎች ስላችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከሆንግ ኮንግ የመጣ አለ፣ ከቬትናም በጀልባ የወጣ አለ፣ ከማሌዥያ የመጣ አለ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማይሰማ ስብሰባ ላይ ነገሩ ሲከር የሚጨቃጨቁት በስዊድንኛ ነው። የኔ ሥራ ቫክትሜስታሬ ነው፤ አዳራሹን አጸዳለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ።

ሊቀ መንበሩን ጋሽ ፑን እላቸዋለሁ። ስዊድኖች አንቱታን ከተዉት ቆይተዋልና በአፌ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምግብ ቤት ያበሰሉ፣ እጃቸው በዘይት ጠባሳ የተዥጎረጎረ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጡና «ና ብላ» አሉኝ። «በልቻለሁ» አልኩ። ሄዱ። ይኸው ደግሞ ሌላው ስዊድናዊ ብዬ መወልወያዬን አነሳሁ። ተመለሱ። «ትንሽ ብቻ» አሉ። «ኧረ አያስፈልግም» አልኩ። ሄዱ። ሦስተኛ ሲመጡ ጥያቄ የለም፤ ትኩስ ኑድል የሞላ ጎድጓዳ ሳህን መዳፌ ላይ አስቀመጡና «አትክልት ነው፣ አሳማ የለበትም» ብለው እስክጎርስ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ቆሜ በላሁ። አፌ ባይሞላ ኖሮ አለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ሽማግሌዎች ሳይ መዋል ሥራዬ ሆነ። በር ላይ «አንተ ግባ፣ አንተ ግባ» እየተባባሉ ዝናብ ሲመታቸው አይቻለሁ። የመጨረሻዋ ቁራሽ ሳህኑ ላይ ቀርታ ስምንት ሰው ሲሸሻት አይቻለሁ። ወላሂ፣ ደሴ የገባሁ ነበር የሚመስለኝ።

ጸሐፊዋ ካሪን ግን ሌላ ናት። የጋሽ ፑን የልጅ ልጅ ናት፤ ሶለንቱና ተወልዳ ያደገች፣ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። ደግ ልጅ ናት፣ ደመወዜ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ነገር ግን ያሏትን ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ «ሻይ አልፈልግም» ሲሏት ሻዩን ይዛ ትመለሳለች፤ እነሱም እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እኔም ወደ መሬት አያለሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት እ.ኤ.አ. በ2005 መስከረም የሆነውን ለመናገር ነው።

የጨረቃ በዓላቸው ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜ ስድሳ ቀይ ፋኖሶች ከጣሪያው ላይ ሰቀልኩ። ክራቸው ተተብትቦ ነበርና አንድ በአንድ ስፈታ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ አፏጭ ነበር። ቀይ ለነሱ የደስታ ቀለም ነው።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈራችን የቤቴ በር ተንኳኳ። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ወይ ፖሊስ ነው ወይ መርዶ። ባለቤቴ አስያ ከፈተች። ከፊት የወሎ ሰዎች ታላቅ የሆኑት እትዬ ሰአዳ፣ ከኋላቸው ጓደኛዬ ሙነወር የአውቶቡስ ሾፌር ልብሱን እንደለበሰ፣ ከሱ ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሙነወር ዓይኔን አላየኝም። ያኔ አወቅሁ።

«ዓወል፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሰአዳ፣ «ከበደች ወደማይቀረው ሄደች። ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ አሳረፏት። አብሽር፣ አንተ ብቻ አይደለህም።»

ማክሰኞ። እሷን አፈር ሲያለብሷት እኔ ቀይ ፋኖስ እሰቅላለሁ፣ አፏጫለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ደህና አድርጌ አላስታውሳትም። የማስታውሰው ጎረቤት ግድግዳውን ሲደበድብ ነው። አስያ አፌን በእጇ ሸፈነችው። ባለቤቴን አልቀየምኳትም፤ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ቤቱ አንድ ክፍልና ኩሽና ነው፤ እኔ፣ አስያና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ሙዝደሊፋ። ኮንትራቱ የኛ አይደለም፣ በአንድራሃንድ ከባለ ኮንትራቱ ላይ የተከራየነው ነው። ባለፈው ኢድ ሃያ ሰው መጥቶብን ጎረቤት ከሰሰና ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛ ቢደገም ልቀቁ ይላል። ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሁን ደግሞ የሚመጣው ሃያ ሰው አይደለም። የወሎ ሰው እናት ሞታበት ከሶለንቱና፣ ከኡፕሳላ፣ ከየት ከየቱ የማይመጣ የለም፤ ሦስት ቀን፣ በትንሹ ሁለት መቶ ሰው። ሙነወር ወደ መስጊዱ ደወለ። ክፍሉ ቅዳሜና እሁድ ኒካህ ተይዞበታል፤ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ለዱዓ እንሰጣችኋለን አሉ። እነሱም እውነታቸውን ነው።

እናቱ የሞተችበት ሰው ይቀመጣል። አይሠራም፣ አያበስልም፤ ሰው ይመጣለታል፣ ከሰው መሀል ሆኖ ያለቅሳል። እኔ እናቴን ካየኋት አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ፊቷን አልተሰናበትኩም፣ አፈር አላለበስኳትም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስሟን እየጠራሁ ማልቀስ። ለዚያ የሚሆን ቦታ ደግሞ አልነበረኝም።

ረፋድ ላይ ተነስቼ ወደ ሻርሆልመን ሄድኩ። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። አስያ «ደውልላቸው እንጂ» አለች፤ ቁልፍ በስልክ አይመለስም። ስሉሰን ላይ ወርጄ ቀዩን መስመር ያዝኩ። ማንም አላየኝም፤ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የሚያለቅስ ሰው ማየት ነውር ነው።

ጋሽ ፑን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ካሪን ብቻዋን ነበረች። ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኳት። ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየችና «ዓወል፣ ሰዎች ወደ አንተ ይመጣሉ አይደል? አዳራሹ ከነገ እስከ እሁድ ክፍት ነው። ትፈልገዋለህ?» አለችኝ።

ያ አላህ! የምለምነውን በአፏ አመጣችልኝ። እኔስ ምን አልኩ? አርባ ስድስት ዓመት የሠራው አንደበቴ ከኔ ቀድሞ «ኔይ፣ ኔይ፣ ደት በሁቭስ ኢንተ» አለ። አይ፣ አይ፣ አያስፈልግም ማለት ነው።

«ኦከይ» አለች ካሪን በሐዘኔታ። «ሌላ የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ቆምኩ። ኮቴን ቀስ ብዬ ቆለፍኩ። የኮቴን ቁልፍ እንደገና ፈታሁ። «ደህና ዋይ» አልኳት። «ደህና ዋል» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ የተቃጠለች አምፖል አይቼ ቀየርኩ፤ ካሪን ከቢሮዋ ወጥታ ደግማ እንድትጠይቀኝ ጊዜ መስጠቴ ነበር። በቢሮዋ መስተዋት አሻግሬ አየኋት። ስልክ አንስታ በፈገግታ «አዎ፣ ነፃ ነው፣ እስከ እሁድ ልምምድ ልታደርጉበት ትችላላችሁ» ትላለች። የአንበሳ ጭፈራ የሚያጠኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሳምንት በፊት ጀምሮ አዳራሹን ይጠይቁ ነበር።

እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል ሺ ጊዜ ሰምቻለሁ። ግን ገብቼ «ቅድም አይ ያልኩት አዎ ማለቴ ነው» ልበላት? ከነቁንጥጫዋ እናቴ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ። ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ራሴን ሰደብኩ፣ ካሪንን ሰደብኩ፣ ስዊድንን ከነንጉሡ ሰደብኩ፤ ከሁሉም ያጠፋሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ሰው አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ኩሽና ውስጥ ቆመ፣ ቀሪው ደረጃው ላይ ተደረደረ። ጫማው ከበሩ አልፎ እስከ ሊፍቱ ደረሰ። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያለቅሰው፤ እትዬ ሰአዳ እንኳን፣ ደሴ ላይ ሲያለቅሱ ሦስት መንደር የሚያስነሱት ሴት፣ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ተንሰቀሰቁ። ባለ ኮንትራቱ ደወለ። ሙነወር ስልኩን አንስቶ አዳመጠና ወደ ኩሽና ጠራኝ። «ነገ እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ ዕቃችሁን አውጡ ብሏል» አለኝ። «ለሰዉ ነገ እንዳትመጡ ልንገር?»

ሰው ለእናቴ ለቅሶ እንዳይመጣ ልከለክል! «ንገራቸው» አልኩት። የራሴ ድምፅ አልመስልህ አለኝ።

በሩ ተደወለ። ጎረቤት ነው ብለን ሁላችንም ጸጥ አልን። ሙዝደሊፋ ሄዳ ከፈተችና እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ጮኸች፤ «ፓፓ! አንድ የቻይና አያት መጥተዋል!»

ጋሽ ፑን ነበሩ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከኋላቸው ካሪን ጉንጯ ቀልቶ ቆማለች። ሽማግሌው ጫማቸውን ከሌላው ጫማ አጠገብ አስተካክለው አውልቀው ገቡ፣ እትዬ ሰአዳ ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቤቱ በሙሉ ያያል።

«ካሪን ነገረችኝ» አሉ። «አዳራሹን ጠየቅሁት፣ አልፈልግም አለ አለችኝ። ስንት ጊዜ ጠየቅሽው አልኳት። አንዴ አለች። እንግዲያውስ ገና አልጠየቅሽውም አልኳት።»

ካሪን መሬት መሬት አየች።

«ስለዚህ መጣሁ» አሉ። «አዳራሹን እንድትወስድ እጠይቅሃለሁ።»

አሁንስ እሺ የምል ይመስላችኋል? በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ገና በሁለተኛው? «ኧረ አይሆንም፣ በዓላችሁ ደርሷል፣ ልጆቹ ልምምድ አላቸው» አልኩ። እትዬ ሰአዳ ስዊድንኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ጨዋ አሳድጋለች ማለታቸው ነው። ካሪን ግን አፏ ተከፈተ። «እንዴት—» ብላ ጀመረች። አያቷ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

ሽማግሌው ሦስተኛውን አልጠየቁም። እጄን ያዙ፣ መዳፌን ገለበጡ፣ ጠዋት የመለስኩትን ቁልፍ አስቀመጡበትና ጣቶቼን አንድ በአንድ በላዩ ላይ አጠፏቸው።

«ልጆቹ ሜዳ ላይ ይዝለሉ» አሉ። «እናት የምትሞተው አንዴ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጎረቤቱ ግድግዳውን ደበደበ፣ እኔም ግድ አልሰጠኝም። እትዬ ሰአዳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጋሽ ፑንን ከእግር እስከ ራስ አዩና «ይህ ሰውዬ የወሎ ሰው ነው፣ አትደብቁኝ» አሉ።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹን ስከፍት ጣሪያው ባዶ ነው። ስድሳዎቹ ፋኖሶች አንድም አልቀሩም። ለካ ሐሙስ ማታ ማጆንግ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች፣ ከሰባ ዓመት በታች አንድ ሰው የሌለባቸው፣ እየተጋገዙ መሰላል ወጥተው አውርደዋቸዋል። ሐዘን ባለበት ቤት ቀይ አይሰቀልም። ክሩ ደግሞ እንዳይተበተብ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው ደርድረውታል። ኩሽናው ተፈግፍጓል፤ በሩ ላይ ማሌዥያዊቷ የማኅበሩ አባል በትልቁ «እስከ ሰኞ አሳማ አይገባም» ብላ ለጥፋለች።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። እትዬ ሰአዳ ድምፃቸውን ለቀቁት፣ የገበያ ማዕከሉ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ማንም ግድግዳ አልደበደበም። «ከበደች! የሸዋ በሯ ከበደች!» ሲሉ ሁለት መቶ ሰው ተቀበላቸው። ፎቃችን ላይ የሚኖሩት ጴንጤዎቹ ንጋቱና ደሚቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ይዘው መጥተው ወንበር ተሸከሙ፣ ድስት አጠቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እኔ በአዳራሹ ሦስት ዓመት ብቻዬን ወንበር ስደረድር የኖርኩ ሰው፣ እነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ወንበር እንዳነሳ አልተፈቀደልኝም።

ጋሽ ፑን ሦስቱንም ቀን መጡ። ጠዋት ይገባሉ፣ ከኋላ ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰው ሲበተን ይሄዳሉ። አያወሩም። ሰዉ ሲያለቅስ ሰዉን ያያሉ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ካሪን ሻይ ይዛ መጣችና አብራን ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ደክሞዎታል፣ ለምን ቤት ገብተው አያርፉም?» አልኳቸው።

ሻዩን ከካሪን ተቀበሉና ተናገሩ። «እናቴ የሞተችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ነው። በሆንግ ኮንግ በኩል፣ ገጠር። ደብዳቤው የደረሰኝ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ምድጃው ላይ እኔ ነኝ። አነበብኩት፣ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት። ሽሪምፕ አልቋልና ላምጣ ብዬ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ገባሁ። አንድ ካርቶን ሽሪምፕ ፈልጎ ማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያችን ያህል አለቀስኩ። ወጣሁ፣ አበሰልኩ።»

ካሪን ጽዋዋን አስቀመጠች። «አያቴ፣ ይህንን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ይህን ማኅበር ስናቋቁም ሰው ሁሉ ለአዲስ ዓመት ድግስ ይመስለው ነበር። እኔ የፈለግሁት ክፍል ነው። ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ እንዳያለቅስ። አዳራሹን ካገኘን በኋላ ድግስ ብቻ ሆነ፤ የኛ ሰው ሐዘኑን ይደብቃል። በዚህ አዳራሽ ሰው ተቀምጦ ሲያለቅስ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

እኚህ ሰው የሰጡኝን በምን እመልሳለሁ እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብ ነበር። ስጦታ ይገዛላቸዋል፣ ምግብ ይሠራላቸዋል ስል ነበር። አሁን ግን የጎደላቸውን በዓይኔ አየሁት፤ እኔ ሐሙስ ዕለት ጎድሎኝ የነበረው ያው ነበር።

ከመስጊዱ የመጡት ሼክ የመጨረሻውን ዱዓ አድርገው ጨርሰዋል። ሰደቃው ተበልቶ ሰው ሊነሳ ነው። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? እንድናለቅስላቸው።»

«አይ፣ አይ» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ይህ የአንተ እናት ቀን ነው።»

«የኔ እናት ቀኑን ትካፈላለች፣ መካፈል የለመደች ናት። ስማቸውን ይንገሩኝ» አልኩ።

«ደት በሁቭስ ኢንተ» አሉ። «ቆይቷል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት። አያስፈልግም።»

እኔም ሽማግሌ ማስጨነቅ እንዳይሆን ፈርቼ ትንሽ አመነታሁ። ያኔ ካሪን በክርኗ ጎሸመችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሁለት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዓወል፣ ገና ሁለት ነው። ጠይቀው።»

ወረድኩና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ጠባሳ የሞላበትን እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስዊድንኛ ለዚህ ቃል የለውም፤ በአማርኛ «በሞቴ» አልኳቸው። «በሞቴ፣ ጋሼ።»

አማርኛ አያውቁም። ግን ቀና ብለው «ሎ ሲው ላን» አሉ። ካሪን ስሙን ከንፈሯ ላይ ደገመችው፤ የቅድመ አያቷን ስም መስማቷ ነበር።

ለእትዬ ሰአዳ ነገርኳቸው። ሼኩ አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልከለከሉም። እትዬ ሰአዳም ሻሻቸውን አጥብቀው መሀል ገቡና ጋሽ ፑንን አይተው፣ ስሙን አንዴ ለራሳቸው ብለው፣ ድምፃቸውን አወጡት፦

«ሎ ሲው ላን እማማ፣ ባሕር ማዶ ያለሽ፣
ዘግይቶ ነው እንጂ፣ ልጅሽስ አልረሳሽ።»

ሊሄድ ኮቱን የለበሰው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት መቶ የወሎና የአዲስ አበባ ሰው፣ የሻርሆልመንና የሮግስቬድ ሰው፣ ሎ ሲው ላን እያለ አለቀሰ። ስሙን አንዳንዱ በደንብ አልያዘውም፤ እናት መሆኗን ግን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ፑን መጀመሪያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፣ ቀጥሎም ድምፃቸው ወጣ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አንዳንዱ «ይበቃዎታል» ሊል ሲነሳ እትዬ ሰአዳ በእጃቸው መለሱት፤ «ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ። ካሪን አቅፋቸው አብራ አለቀሰች። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሙነወር ቀየረው፣ እንደገና ቀዘቀዘ።

ሲጨርሱ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ጨበጣቸው፤ እሳቸውም እንደኛው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እኔ መጨረሻ ቀረብኩ።

«አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸው፣ በስዊድንኛም ደገምኩት።

«አያስፈልግም» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ አልኳቸው።